በበልግ ዝናብ መጀመሪያ ዓሣ ስለ ማጥመድ

በጌዴኦ አገር የበልግ ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚይዘው በመጋቢት ወር ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በዲላ ከተማ ላይ በዘነበ ማግሥት ወደ ለገዳራ ወንዝ ወርዶ የተመለከተ ልጅ፥ ትናንት ጠጠሩ ይቈጠርበት የነበረው ውሃ ዛሬ ደፍርሶ፥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ሲወርድ ያያል። ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ለገዳራ ወደ ጊዳቦ ወንዝ ይገባል፤ ጊዳቦም ቍልቍል ወርዶ በአባያ ሐይቅ ውስጥ ይፈስሳል። ከጊዳቦ በስተ ደቡብ ያለው የገላና ወንዝም ፍጻሜው ያው ሐይቅ ነው። በሰው ዓይን ጭቃ ብቻ የሚመስለው ይህ ደራሽ ውሃ፥ በሐይቁ ለሚኖረው ዓሣ ግን የመራቢያው ጊዜ መድረሱን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ብዙው ዓሣ ከጥልቁ ተነሥቶ ወደ ዳርቻና ወደ ወንዞች አፍ የሚመጣው በዚህ ሰሞን ነው፤ ሰውም ዓሣን ያለ ብዙ ድካም የሚይዘው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ በበልግ መጀመሪያ ውሃው እንዴት እንደሚሆን፥ ዓሣው ምን እንደሚሠራ፥ አጥማጁም ምን ሊያደርግና ምን ሊተው እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

እንሰትና ቡና ተክሎ የሚኖር የደጋ ሰው፥ የዓሣ ነገር የቈላ ሰዎች ጉዳይ ነው፥ እኛን ምን ያገባናል ይል ይሆናል። ነገር ግን ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፥ አባያ ሐይቅ ያለው ከ1,200 ሜትር በታች ነው። ከላይ የተጣለ ነገር ሁሉ፥ አፈርም ቢሆን፥ መርዝም ቢሆን፥ የቡና ገለፈትም ቢሆን፥ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። የዓሣው ዕድል ከሐይቁ ዳር ባለው አጥማጅ እጅ ብቻ ሳይሆን፥ በተራራው ላይ ባለው ገበሬም እጅ ነው።

አባያ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ ነው። ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፥ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለው ኢጣሊያዊ መንገደኛ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1895 እስከ 1897 ባደረገው ጉዞ ደርሶበት፥ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎት ነበር፤ ያገሩ ሰው ግን አባያ ማለቱን አልተወም። ሐይቁን ከሩቅ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው መልኩን ነው፤ ውሃው ሰማያዊ ሳይሆን ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ይህም መልክ የመጣው ወንዞች ከሚያመጡት ደቃቅ አፈር ነው። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ከሥር ይናወጣል፥ አፈሩም ዘቅጦ አያርፍም።

ይህ መልክ ለዓሣው ምን ያደርጋል? በውሃ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ለምለም ነገሮች አሉ፤ እነርሱም እንደ ሣር በፀሐይ ብርሃን ይበቅላሉ፥ ለብዙ ዓሣም ምግቡ ናቸው። ውሃው በአፈር ከጠቈረ ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይገባ ይህ ምግብ ይቀንሳል። ከአባያ በስተ ደቡብ ያለው የጫሞ ሐይቅ በስፋት ከእርሱ እጅግ ያነሰ ሲሆን፥ ውሃው የተሻለ ብርሃን ስለሚያስገባ በዓሣ የበለጸገ መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ በጌዴኦ ተዳፋት ላይ ዛፍ፥ ቡናና እንሰት ተደራርበው ተተክለው አፈሩን መያዛቸው ለገበሬው ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። የዓለም መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን የጌዴኦን አተካከልና መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ተዳፋቱ ከዛፍ የተራቈተ እንደ ሆነ፥ የእርሻው ለምነት ከሐይቁ ውሃ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ ዓሣዎቹ እንመለስ። በአባያ ከሚገኙት ዓሦች በገበያ ይበልጥ የሚታወቁት ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ወደ ወንዞች የሚወጣው ቢልጫም አለ፤ ጥርሱ ከአፉ የወጣና ሲዋኝ እንደ ተወረወረ ጦር የሚፈጥን፥ ፈረንጆች የነብር ዓሣ የሚሉትም ይገኛል። ነጭ ዓሣ ሌሎችን ዓሦች እያደነ የሚበላ ሲሆን፥ ዕድሜ ካገኘ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ልጅ በመንጠቆ ልሳበው ቢል ተጎታቹ ልጁ ይሆናል።

በዝናብ መጀመሪያ የእነዚህ ዓሦች ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አጥማጅ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገርም ይህ ልዩነት ነው።

አምባዛ ቅርፊት የሌለው፥ ራሱ ጠፍጣፋ፥ በአፉ ዙሪያ ስምንት ረጃጅም ጢሞች ያሉት ዓሣ ነው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ልዩ ብልት ስላለው፥ ውሃ ባነሰበት ረግረግ ይኖራል፤ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ከአንድ ኵሬ ወደ ሌላው መሻገር ይችላል። ዝናብ ጥሎ የሐይቁና የወንዙ ዳርቻ በጐርፍ በተሸፈነ ጊዜ፥ አምባዛ በሌሊት ገና ውሃ ወደ ለበሰው ሣር ይወጣና ዕንቁላሉን በሣሩ ላይ ይበትናል። አንዲት ትልቅ እንስት በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ዕንቁላል ትጥላለች። ውሃው የሞቀ እንደ ሆነ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላሉ። በዚያች ሌሊት አምባዛ ከጕልበት በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህ በጦርም፥ በዱላም፥ በእጅም የሚይዘው ሰው አይታጣም።

ቆሮሶ ከዚህ የተለየ ነው። ወንዱ በዳርቻው አሸዋ ላይ እንደ ሳሕን ያለ ጐድጓዳ ቦታ በአፉና በክንፉ ቈፍሮ ይጠብቃል። እንስቲቱ መጥታ ዕንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ከዚያ በኋላ ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው፥ ግልገሎቹም የሚያድጉት በአፏ ውስጥ ነው፤ ይህም ሁለት ሳምንት ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሁሉ እናቲቱ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። የምታሳድጋቸው እንደ አምባዛ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሳይሆኑ ጥቂት መቶዎች ወይም ከሺሕ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ስለዚህ አንዲት የቆሮሶ እናት በመረብ ስትያዝ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ መረቡ በጨነቃት ጊዜ በአፏ ያለውን ሁሉ ትተፋዋለችና።

ቢልጫ ደግሞ የጠራና የሚፈስ ውሃ፥ ጠጠር ያለበትም ስፍራ ይፈልጋል። ዝናብ ወንዙን ሲሞላው ከሐይቁ ወጥቶ ውሃውን እየተቃወመ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ዕንቁላሉንም በጠጠሩ መካከል ይጥላል። አፈር በጠጠሩ ላይ የተኛ እንደ ሆነ ዕንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። በወንዝ ላይ ከፍ ያለ ግድብ ሲሠራም መንገዱ ይቈረጥበታል። በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የጊዳቦ የመስኖ ግድብ ለእርሻ ብዙ ጥቅም የተጠበቀበት ሥራ ነው፤ በግድቡ ላይ የሚተኛው ውሃም እንደ ቆሮሶ ላለው ዓሣ የሚመች ነው። ወንዝ ለሚወጣ ዓሣ ግን ግድብ ሁሉ አጥር መሆኑ አይካድም።

እንግዲህ በዚህ ወራት በመንጠቆ ማጥመድ የሚወድድ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ውሃውን ይመልከት። ደራሽ ጐርፍ በሚወርድበት ቀን ማጥመድ ከንቱ ድካም ነው፤ ዓሣው ይሸሸጋል፥ መንጠቆውንም ጭራሮ ይወስደዋል፥ ሰውንም ውሃ ሊወስደው ይችላል። ላይ በተራራው ዝናብ ጥሎ እንደ ሆነ፥ በታች ፀሐይ እያለ ጐርፉ በድንገት ስለሚደርስ፥ በወንዝ መካከል ባለ ድንጋይ ላይ መቆም አይገባም። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውሃው ገና ደፍርሶ ሳለ ጕልበቱ ሲቀንስ፥ ያ መልካም ጊዜ ነው። በድፍርስ ውሃ አምባዛ ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በሽታና በጢሙ ስለ ሆነ፥ የመሬት ትል ወይም የሥጋ ቍራጭ በመንጠቆው ላይ ሰክቶ ከሥር ማሳረፍ ይበቃል። ለቆሮሶ አፉ ጠባብ ስለ ሆነ ትንሽ መንጠቆና ትንሽ ትል ወይም የሊጥ ድብልብል ያስፈልጋል፤ ክሩም ቀጭን ይሁን። ከደረቀ ሸምበቆ የተቈረጠ ተንሳፋፊ በክሩ ላይ ቢታሰር ዓሣው ሲነክስ ያሳያል። ማለዳና ወደ ማታ ከቀትር ይሻላሉ።

ወደ ማታ ይሻላል ማለት ግን በአባያ ዳር እስኪጨልም ቆዩ ማለት አይደለም። የአባያ አዞ ሰውን በመድፈር የታወቀ ነው። አዞ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ምንም ሳያሳይ፥ ከዳር ሁለት ክንድ ላይ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው ወደ ሐይቁ ዳር አይሂድ፤ ትልቁም ሰው ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብሎ በደረቅና በተገለጠ ስፍራ ይቁም፤ መንጠቆው ከሥር ቢያዝበት ክሩን ይቍረጥ እንጂ ሊያስለቅቅ ወደ ውሃ አይግባ። የዓሣውን ሆድ ዕቃ በቆሙበት ዳር መጣል አዞ መጥራት ነው። ጕማሬም በማታ ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ፥ በእርሱና በውሃው መካከል መገኘት ለሞት ያደርሳል። አንድ መንጠቆ የሚገዛበት ዋጋ ጥቂት ነው።

ስለ ሕጉም እንናገር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1995 ዓ.ም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 የተባለውን ሕግ አውጥቷል። በዚህ ሕግ ለንግድ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ያወጣል፤ በመርዝና በሚፈነዳ ነገር ዓሣ መግደልም የተከለከለ ነው። ክልሎችም በየውሃቸው የሚጸና ደንብ ያወጣሉ። አባያን ደግሞ ከአንድ በላይ የሆኑ ክልሎች ስለሚያዋስኑት፥ ለመዝናናት ያህል እንኳ መንጠቆ ሊጥል የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ወደዚያው ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ፥ በየትኛው ስፍራና በየትኛው ወራት እንደሚፈቀድ፥ የመረቡም ዓይን ስንት መሆን እንዳለበት ቢጠይቅ ከጸጸት ይድናል።

ስለ መርዝ የተባለውን ግን ሰፋ አድርገን ልንናገር ይገባናል፤ ነገሩ ወደ ቤታችን የቀረበ ነውና። በጌዴኦ የቡና ማሳ ውስጥ ጥላ ሆነው ከሚቆሙት ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ብርብራ መልካም ዛፍ ነው፤ ሥሩ ምድርን ያለመልማል፥ ቅጠሉ ረግፎ ማዳበሪያ ይሆናል፥ ጥላውም ለቡናው የተመጠነ ነው። ፍሬው ግን ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለበት። ይህን ፍሬ ወቅጦ ዱቄቱን በኵሬ ወይም በቀስታ በሚፈስ ወንዝ ላይ በመበተን ዓሣ መያዝ በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ የቈየ ልማድ ነው። መርዙ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና፥ ሰውነቱ የሳበውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ ዓሣው በውሃ መካከል ሳለ ታፍኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ወቃጩም ከላይ ትልልቁን ይለቅምና ይሄዳል።

ያልለቀመው ምን ሆነ? መርዝ እንደ መረብ ዓይን የለውም፤ ትልቁን ይዞ ትንሹን አያሳልፍም። የጣት ጥፍር የሚያህለው ግልገልም፥ ዓሣው የሚበላው የውሃ ተባይም አብሮ ያልቃል። በበልግ መጀመሪያ ደግሞ ግልገሉና ዕንቁላሉ ያሉት መርዙ በሚበተንበት በዚያው በዳርቻና በወንዝ አፍ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ቀን ወጥ ብሎ የበተነው ዱቄት የብዙ ዓመት ዓሣ ሊያጠፋ ይችላል። እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፥ እንዶድ ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረዳ፤ በዚህም በዓለም ተመሰገነ። ይኸው እንዶድ ግን ዓሣንም ስለሚገድል፥ በዐዋቂ መጠን ካልሆነ በቀር ወደ ወንዝ አይጨመርም።

ከመርዝ የሚቈጠር ሌላም ነገር አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና በሚታጠብበት ጊዜ ገለፈቱና እጣቢው ወደ ወንዝ የተለቀቀ እንደ ሆነ፥ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ወንዙ ያነሰ ስለ ሆነ ጕዳቱ ይጸናል። ገለፈቱን በጕድጓድ ከምሮ ማዳበሪያ ማድረግ ለእንሰቱ ይጠቅማል፤ ወንዙንም ያድነዋል።

ወደ ዝናቡ መጀመሪያ ስንመለስ፥ አንድ የሚያስጨንቅ ግጥጥሞሽ እናገኛለን። ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ወራት ሥጋ ትቶ ዓሣ የሚገዛ ሰው በየከተማው ስለሚበዛ የዓሣ ዋጋ ይወደዳል። ዓሣው ለመራባት ወደ ዳር የሚወጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። ዋጋው ሲወደድና ዓሣው ሲቀርብ መረብ በወንዝ አፍ ላይ የማይዘረጋ ነጋዴ ብርቱ ሰው ነው። ይህን ለመፍረድ ቀላል አይደለም፤ አጥማጁም ልጆች አሉት።

ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ ግን በጣና ሐይቅ ታይቷል። በጣና የሚኖሩት የቢልጫ ወገኖች በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዐሥራ አምስት ያህል ዓይነት ናቸው። እነርሱም በክረምት፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፥ አንዳንዶቹ እንደ ጕማራና እንደ ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በጣና ቀድሞ በደንገል ታንኳ ብቻ ይጠመድ ነበር፤ ከ1978 ዓ.ም ወዲህ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ገቡ፥ አጥማጆችም በመራቢያው ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ጀመሩ። ሊቃውንት በ1983 ዓ.ም ገደማ የለኩትን ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግመው ቢለኩት፥ ቢልጫው ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ፥ ግልገሉ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ጠፍቶ አገኙት። የተያዘው ዓሣ ብዙ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ዕንቁላሉን ሳይጥል በመንገድ ስለ ተያዘ ነው።

በሌላ አገርም ይህን ነገር ዐውቀው ሕግ ያደረጉ አሉ። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1878 በወጣ ሕግ በፀደይ መራቢያ ወራት በመንጠቆ እንኳ ማጥመድ ተከለከለ፤ ዛሬም በወንዞቻቸው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ለብዙው ዓይነት ዓሣ መንጠቆ አይጣልም። በሰኔ የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ልጅና ሽማግሌ በሌሊት ተነሥቶ ወንዝ ዳር ይጠብቃል ይባላል። መጠበቁም ከደስታው አንዱ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

በአባያ ዳር ወይም በጊዳቦ ማጥመድ በተፈቀደበት ስፍራና ቀን መንጠቆ የጣለ ልጅ፥ መዳፉን የማያህል ቆሮሶ ቢያወጣ እንዲህ ያድርግ። አስቀድሞ እጁን በውሃ ያርጥብ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልባጭ ገፍፎ ለቍስል ይሰጠዋልና። ስንጥቡን ሳይነካ ከጀርባው ይያዘው፥ መንጠቆውንም በገባበት በኩል በቀስታ መልሶ ያውጣው። ከዚያ አይወርውረው፤ አዞ የሌለበት ገልጥ ያለ ስፍራ መሆኑን አይቶ፥ ውሃ በሞላበት ባልዲ ወይም ቅል ውስጥ ጥቂት አሳርፎ፥ ከባልዲው ጋር ወደ ውሃው ያፍስሰው። ከዳር የተገኘው ትልቅ ወንድ ቆሮሶ ከአሸዋው ጐድጓዳ ላይ የማይነቃነቅ ከሆነ፥ ጐጆውን እየጠበቀ ነውና መንጠቆውን ከፊቱ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይሂድ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ በጸጥታ የተመለከተ ልጅ፥ ውሃው ጥቂት በጠራበት ጥግ እናቲቱ ግልገሎቿን ከአፏ አውጥታ ስታሰማራ፥ ጥላ ባረፈባቸውም ጊዜ ሁሉም ተመልሰው ወደ አፏ ሲገቡ ሊያይ ይችላል።